በኢንዛይም ያስፎከረች መምህርት

ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ጫግኒ ወርጄ፣ አራት ቀን ሙሉ በላብ ስጠበስ ሰንብቼ እንጅባራ ብመለስ መምህርት አንጓች የለችም። «ሄደች» አለኝ የኮሌጃችን ዘበኛ፣ የጠዋቷ ሚኒባስ ሄደች በሚል ዓይነት ድምፅ። የሄደችው ባሕር ዳር ነው፤ የሌሎች ኮሌጆችን መምህራን እንድታሠለጥን ተፈልጋ። ደብዳቤው በድንገት ደረሰ፣ ዕቃዋ በአንድ ባጃጅ ተጫነ፣ አለቀ። ለእኔ የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍና አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትታልኛለች። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦ «ጋሽ ደምለው፣ አሥራ አንደኛው ማሽን ሲሞቅ ይጮኻል። አትምታው።»

ስንብቱ ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየም ነበር። እኔ ግን ስድስት ዓመት አብሬያት ስለሠራሁ፣ ይህች ቃል በእሷ ሚዛን የፍቅር ደብዳቤ እንደሆነች አውቃለሁ። ባለቤቴም ስለምታውቅ አልቀናችም።

ራሴን ላስተዋውቅ፤ ቶሎ እጨርሳለሁ። ስሟን በማልጠራት፣ በእንጅባራ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ የላብራቶሪ ረዳት ነኝ። ሥራዬ ጠርሙስ ማጠብ፣ ቁልፍ መያዝና በሰው ላይ መቀለድ ነው። ለሦስተኛው ደመወዝ የለኝም፤ በትጋት የምሠራው ግን እሱን ነው። ጓደኞቼ «ደምለው አንዱን አሥር ያደርጋል» ይሉኛል። ሐሰት ነው። ከሰባት አልፌ አላውቅም።

አንጓች የመጣችው ሰው ፍላሽ በአንገቱ እንደ ማተብ በሚያስርበት ዘመን ነው። ስልኩ ሁሉ ገና አልሠለጠነም፤ ኢንተርኔት የሚባለውም ካፌ ገብተው እንደ ወረፋ ዳቦ የሚጠብቁት ነገር ነበር። ረጅም ናት፤ በላብራቶሪው በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች። እኔ በዚያው በር ከነባርኔጣዬ ብዘል ጉበኑን አልነካውም። ከባንጃ ገጠር የወጣች የገበሬ ልጅ ናት። በእንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ በአማርኛ ታስረዳለች፣ በጣም ስትናደድ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአገውኛ ትቆጥራለች። እስከ ስንት እንደምትዘልቅ አልነግራችሁም፤ አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ ክፍሉ ውስጥ የሚቀር ሰው ስለማይኖር የሚመሰክር የለም።

በመጣች በሳምንቷ የባዮኬሚስትሪ ላብራቶሪውን አሳየኝ አለችኝ። አሳየኋት። በመደርደሪያው ላይ ሃያ ሦስት ጠርሙሶች ነበሩ፤ አሥራ ዘጠኙ ባዶ ናቸው። ከቀሩት አንዱ ላይ የተለጠፈው ቀን ከተማሪዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል፤ በሕግ ቢሆን አንቱ ሊባል የሚገባው ጠርሙስ ነበር። የብርሃን መለኪያው መሣሪያ ከነካርቶኑ ቆንጆ ሆኖ ተቀምጧል፤ አምፖሉ ግን አብሮት አልመጣም። እኔ ምሳ ዕቃዬን አስቀምጥበት ነበር። አንጓች ምሳ ዕቃዬን አነሳች፣ መሣሪያውን አየች፣ ምሳ ዕቃዬን መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ላይ ያስቀመጥኩት ምሳ አልጣፍጥ አለኝ።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ዳር መመላለስ ጀመረች። እዚያ አንድ የተማረች ጓደኛዋ ቢሮ ቁጭ ብላ፣ በኮምፒውተር ውስጥ የሚሠሩ የባዮኬሚስትሪ ላብራቶሪዎችን ከኢንተርኔት ታወርዳለች። ሰኞ አንገቷ ላይ ፍላሽ አንጠልጥላ ትመለሳለች። አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩን፤ አብረው ሲነሱ ድምፃቸው የዳንግላን ወፍጮ ቤት ያስንቃል። በእነሱ ላይ ጫነችው። ስክሪኑ ላይ የመስታወት ቱቦ አለ፣ ቴርሞሜትር አለ፣ አሲድ አለ። ተማሪው በመዳፊቱ ያፈሳል፣ ያሞቃል፣ ይለካል። ሲፈልግም ፕሮቲኑን አገላብጦ፣ እንደ ጥቅል ልቃቂት በውስጡ ገብቶ ያያል።

እኔ በሻይ ክበቡ ቆሜ ተናገርኩ፦ ኢንዛይምን በስክሪን ማስተማር ጠላን በፎቶ እንደማጠጣት ነው። ቀልዷ ከእኔ ቀድማ ከተማ ገባች። በማግስቱ አንጓች ጠርታኝ ተቆጣችኝ ብዬ ስጠብቅ፣ ቁጭ አድርጋ ኢንዛይም ምን እንደሆነ አስተማረችኝ። ስታርች ማለት እንደ መቁጠሪያ የተሰካ ስኳር ነው፤ ድንች ውስጥ ያለው ያ ነው። ብቅል ውስጥ፣ ምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ደግሞ ክሩን እየቆረጠ እንክብሎቹን የሚያወርድ ሠራተኛ ነው። ቆርጦ ቆርጦ እሱ አያልቅም። ሃያ ዓመት ላብራቶሪ ስሠራ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ስወጣ ምን አለችኝ፦ «ፎቶውን ደጋግሞ ያየ ሰው ጠላው ሲመጣ ይለየዋል፣ ጋሽ ደምለው። ቀልድህ ግን ጥሩ ነች፤ አትተዋት።»

አሠራሯ ከሰው ይለያል። ተማሪዎቹ ኮምፒውተር ከመንካታቸው በፊት ነጭ ጋዋን ይለብሳሉ፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ኮምፒውተሩ እኮ ጀርም አይዘውም ብዬ ብከራከር፣ እጃቸው አንድ ቀን እውነተኛውን ይነካል፣ ያን ቀን ልማድ ከየት ያመጣሉ አለችኝ። ማሽን ደርቆ አልንቀሳቀስ ሲል ተማሪዎች ቁልፉን በቡጢ ይነርቱታል። እሷ እጇን አጣጥፋ ትቆምና «ተዉት፣ ይጠጣ» ትላለች፤ ፈረሱን ወንዝ ያወረደ ሰው እንደሚለው። ማሽኑም፣ የሚገርማችሁ፣ ጠጥቶ ይነሳል። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ለእኔ አይጠጣም።

ትልቁ ነገሯ ግን ፉከራው ነው። አመጣጡ እንዲህ ነበር። የኮምፒውተሩ ላብራቶሪ አይሳሳትም። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ሠላሳ አንዱም ተማሪ አንድ ዓይነት የግራፍ ኩርባ ሥሎ አመጣ፤ መንታ እንኳ እንደዚያ አይመሳሰልም። ገሚሱ ከጓደኛው እንደገለበጠ ለማወቅ መምህር መሆን አያስፈልግም። አንጓች ወረቀቱን ሁሉ መለሰችና አዲስ ሕግ አወጣች፦ ከዛሬ ጀምሮ ትክክለኛ መልስ ይዞ የሚመጣ ሰው በፊት ብልሽት ያምጣ። ኢንዛይሙን መጀመሪያ ግደሉት። በሙቀት ግደሉት፣ በአሲድ ግደሉት፣ በጨው ግደሉት፤ እንዴት እንደገደላችሁት ቆማችሁ ንገሩኝ።

ክፍሉ ውስጥ በለጠ የሚባል የዳንግላ ልጅ ነበር፤ በቀልድ ነገር የእኔ ተከታይ ነው ብል ደስ ይለዋል። ተነሳና፣ ለማሾፍ ብሎ፣ ማስመሪያውን እንደ ጦር ሰብቆ ፎከረ፦

«ስታርች ሲቆራርጥ ኢንዛይም አግኝቼ፣
አስቀመጥኩት ዛሬ በሙቀት ፈትቼ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንጓች አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። በቀለበቷ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳች፤ ከባድ ነገር ልትናገር ስትል እንዲያ ታደርጋለች።

«በምን አወቅህ እንደሞተ?» አለችው።

በምን እንዳወቀ በለጠ ራሱ አያውቅም ነበር፤ ምናልባት ቀዝቅዞ ተኝቶ ይሆናል፣ ምናልባት ስታርቹ ቀድሞ አልቆ የሚቆርጠው አጥቶ ይሆናል። ተቀመጠ። በማግስቱ ማስረጃውን ይዞ መጥቶ ደግሞ ፎከረ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ክፍል የላብራቶሪ ዘገባ በፉከራ ሆነ። የገደለ ይቆማል፣ ይፎክራል፣ ሠላሳው ደግሞ በአንድ ድምፅ «በምን አወቅህ?» ይለዋል። መልስ ያጣ ግዳዩ ይነጠቃል። እኔ በአባቶቻችን ዘመን ፉከራ ቀረ ብዬ የማዝን ሰው ነበርኩ። ከቶ አልቀረም፤ ባዮኬሚስትሪ ገብቷል።

አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎች ከኮሌጅ ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ሲሄዱ አንዷ «እስካሁን ሰባት ገድያለሁ፣ ሁለቱን በአሲድ» ስትል፣ ሌላዋ «እኔ ዘጠኝ፤ መምህርት ግን ሬሳውን አላመነችኝም» ብላ መለሰች። ባለባጃጁ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ አቁሞ አላንቀሳቅስም አለ። ሄጄ የመሰከርኩላቸው እኔ ነኝ።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ነገሩ መጣ። በሰኔ መግቢያ ከክልል ሦስት መርማሪዎች እንደሚመጡ ተነገረን። የሚያጣሩት አንድ ነገር ነው፦ ሠላሳ አንዱ ተማሪዎች የባዮኬሚስትሪን ተግባራዊ ትምህርት በእርግጥ ተምረዋል ወይስ አልተማሩም? ወረቀቱ ላይ «ተምረዋል» ብላ የፈረመችው አንጓች ናት። መርማሪዎቹ የኮምፒውተሩን አንቀበልም ካሉ ተማሪዎቹ አይመረቁም፤ ኬሚካል እስኪመጣ ይጠብቃሉ ማለት ነው፣ ኬሚካሉን ደግሞ እኔ ስጠብቀው ፀጉሬ አልቋል። እሷም ያልተሠራን ተሠራ ብላ ፈርማለች ተብላ ከማስተማር ትወጣለች። ዲኑ ፊርማሽን አንሺ፣ አንቺ እንኳ ትረፊ ብሎ ለመናት። እምቢ አለች። ያላመንኩበት ላይ አልፈርምም፣ የፈረምኩትን አልሽርም አለችው።

መጡ። መሪያቸው ባለ ሙሉ ሱፍ ዶክተር ነበር፤ በእንጅባራ ጭቃ ላይ በሚያንጸባርቅ ጫማ የሚራመድ፣ ጭቃውም አፍሮ የሚሸሽለት ሰው። የኮምፒውተር ክፍሉን ዞረ። ተማሪዎቹ ጋዋን ለብሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ስክሪን ፊት ተቀምጠዋል። አንድ ማሽን ነክቶ ቱቦውን ሲያሞቅ አየ። ከዚያ ወደ አንጓች ዞረ።

«መምህርት፣ ይኼ ጨዋታ ነው» አላት። «የእኔም ልጅ ቤት ውስጥ መኪና ይነዳል፤ በስክሪን። መንጃ ፈቃድ ግን አልሰጠሁትም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ቀናሁበት። አንጓች በቀለበቷ ጠረጴዛውን ሁለቴ አንኳኳች።

«እንግዲያው መንገድ ላይ ያውጧቸው» አለችው። «ከሰዓት በኋላ እውነተኛ ኢንዛይም ይቅረብላቸው። ከዚህ በፊት በእጃቸው ነክተውት አያውቁም። እኔ አንድ ቃል አልተነፍስም።»

ዶክተሩ ተስማማ። እሷ መስኮቱ ሥር ቆማ ዝም እንድትል፣ ተማሪ የሚናገረው ብቻ እንደ መልስ እንዲቆጠር፣ ውጤቱ ካልመጣ ነገሩ እዚያው እንዲያበቃ ተባባሉ። ለእኔ ትእዛዝ ተሰጠኝ፦ ድንች ከገበያ፣ አዮዲን ከፋርማሲ፣ የገብስ ብቅል ከጠላ ሻጭ። አዮዲን ስታርች ባለበት ይጠቁራል፤ የብቅሉ ኢንዛይም ስታርቹን ቆርጦ ሲጨርስ አይጠቁርም። በቃ፣ ፈተናው ይኼ ነው።

ድንችና አዮዲኑ ቀላል ነበሩ። ብቅሉን ግን ከእትዬ ሽታዬ ቤት ራሴ መረጥኩ። በጠላ ነገር አዋቂ ነኝ፤ ከዚህ እስከ ኮሶበር ማዶ ያለ ጋን ሁሉ ያውቀኛል። ሁለት ቁና ብቅል አቀረበችልኝ፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ እርጥበት እርጥበት የሚል፤ ሌላው ቡና ዓይነት የመሰለ፣ ሽታው አፍ የሚያስከፍት። ለአገር ክብር ነውና የሚሸተውን ያዝኩ። እትዬ ሽታዬ ልትናገር አፏን ስትከፍት እኔ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ።

ፈተናው በላብራቶሪው ተጀመረ። ተማሪዎቹ በአምስት ቡድን ሆነው ድንቹን ፈግፍገው አጠለሉ፣ አፍልተው አበረዱት፣ ብቅሉን በውሃ ዘፍዝፈው አጠለሉ፣ ቀላቀሉ። ከመመገቢያ አዳራሹ ያመጣሁት ነጭ ሰሃን ላይ አዮዲን ጠብ ጠብ አድርገው በየደቂቃው ከቱቦው እያነሱ ይጥሉበታል። የመጀመሪያዋ ጠብታ ጠቆረች። መልካም። አምስተኛዋ ጠቆረች። አሥረኛዋ ጠቆረች። ሰሃኑ የሐዘን ልብስ መሰለ። አምስቱም ቡድን ዘንድ እንዲሁ ነው። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። ዲኑ ላቡን በክራቫቱ ጠረገ። አንጓችን አየኋት፤ መስኮቱ ሥር እጇን አጣጥፋ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ በአገውኛ እየቆጠረች እንደነበር በቅዱስ መጽሐፍ እምላለሁ።

«ኮምፒውተሩ ላይ ግን ይሠራ ነበር፣ አይደል?» አለ ዶክተሩ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

በለጠ ወደ ቡድኑ ተጠግቶ ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ ኩርባው እንዴት መምጣት እንዳለበት እናውቀዋለን፣ ቡናማ ሆነ ብለን እንጻፈው ይላል። ጭንቀቱ ነው፤ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እጽፈው ነበር። ከጎኑ የነበረችው ትሁኔ ብዕሩን ከእጁ ወሰደችበት። ትሁኔ ከገጠር የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ስትማር ድምፅዋን የሰማሁት ስትፎክር ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን ወደ ግድግዳው ዞራ።

ተነሳች። «ዶክተር፣ ኢንዛይሙ የሞተው እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው» አለች።

ዶክተሩ ፈገግ አለ። ከዚያም፣ ማንም ሳይነግረው፣ የራሱ ጥያቄ መስሎት ጠየቃት፦ «በምን አወቅሽ?»

ሠላሳው ተማሪ ባንድ ጊዜ ቀና አለ። ለካስ ይህችን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይጠይቃታል።

ትሁኔ ጣቷን እያጠፈች ነገረችው። ሦስት ተጠርጣሪ አለ። አዮዲኑ ጠቁሯል፤ ስለዚህ አዮዲኑም ደህና ነው፣ ስታርቹም አለ። ብርድ ይሆን ብለን ነበር፤ አንዱን ቱቦ ብብቴ ሥር ይዤ ሩብ ሰዓት አቆይቼዋለሁ፣ አሁንም ይጠቁራል። የቀረው ብቅሉ ነው። «ግን ብቅሉ እንደሞተ ለማሳየት ሕያው የሆነ ያስፈልገኛል» አለችና ዞር ብላ አፏን ተጉመጠመጠች። ከዚያም ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ተፋች።

እኛ አገር ምራቅ የሚታወቀው ለምርቃት ነው፤ ሽማግሌ እንትፍ ይላል እንጂ ልጃገረድ በዶክተር ፊት አትተፋም። ዲኑ ዓይኑን ጨፈነ። ትሁኔ ምራቋን ስታርቹ ውስጥ ጨምራ ቱቦውን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችና እንደ ታመመ ሰው ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ቆመች። በለጠ ነቃ። እሱም ተፋና የእሱን ምራቅ ክብሪት ጭሮ ምድጃ ላይ አፈላው፤ ከፈላ በኋላ በሌላ ቱቦ ስታርች ውስጥ ጨመረው።

ጠብታ ጣሉ። ጥቁር። እንደገና ጣሉ። ጥቁር። ሦስተኛው ላይ የትሁኔ ጠብታ ሐምራዊ ሆነ። ከዚያ ቀላ። ከዚያ ቡናማ። ከዚያ አዮዲኑ በራሱ ቢጫ ቀለም ቀረ፤ ስታርቹ የለም፣ ተቆርጦ አልቋል። በለጠ ያፈላው ግን እንደ ጥቁር ድንጋይ አልተነቃነቀም። ሠላሳ አንዱም ሰሃኑ ላይ ተደፍቶ ነበር። ዶክተሩም ተደፍቶ ነበር፤ ክራቫቱ አዮዲን ውስጥ መግባቱን አላየም፣ እኔም አልነገርኩትም።

በለጠ ራሱን መያዝ አቃተው። የእንጨት ማማሰያውን ሰብቆ ሙሉ ፉከራውን ለቀቀው፤ በእሳት ያፈላው፣ ገዳይ የራሱን ምራቅ። ዶክተሩ ነገሩን ሲረዳ ጊዜ ወሰደበት፤ ሲረዳ ግን ወደ ትሁኔ ዞረ። «አንቺስ አትፎክሪም?»

«ሬሳ ላይ አይፎከርም፣ ዶክተር» አለችው።

ያ ሰው ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ሳቁን ሲጨርስ ግን አልለቀቃትም፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ለምን ይገድለዋል ብሎ ጠየቃት። ትሁኔ ሻሽዋን ፈታች፣ አጣጥፋ አጣጥፋ ቋጠረችው፣ ቋጠሮው መካከል ጣቷን አስገባች። ስታርቹ የሚገባው እዚህ ነው አለች፤ ቅርጹ ልክ ሲሆን ብቻ ይይዘዋል። እሳት ሲያገኘው፣ ብላ ጫፉን ሳበችው፣ ቋጠሮው ተፈታ። ጨርቁ አለ፤ መያዣው የለም።

«የት ነው ያየሽው ይኼን?»

«እዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ። አገላብጬ፣ ገብቼ አይቼዋለሁ። በቱቦ ይኼ አይታይም።»

ዶክተሩ ለአንጓች አሁን መናገር ትችያለሽ አላት። ብቅልና ድንች ካለ ለምን ዓመቱን ሙሉ ኮምፒውተር ሙጥኝ አልሽ ብሎም ጠየቃት። እሷ፣ በብቅል አንድ ኢንዛይም አሳያቸዋለሁ፣ በኮምፒውተሩ አርባ አሳይቻቸዋለሁ አለችው። «ደግሞ እዚያ ሺህ ጊዜ ተበላሽቶባቸዋል። ዛሬ ሲበላሽ ያልደነገጡት ለዚያ ነው።»

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን የእኔ ነበር፤ ብቅሉን ማን ገዛው? እጄን አነሳሁ። በሕይወቴ ቀልድ ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ወደ እትዬ ሽታዬ ሮጥኩ። ነገሩን ስነግራት ወገቧን ይዛ ቆመች፦ «እኔስ ልነግርህ አልነበር? አንተ አዋቂው። ፀሐይ ሦስት ሳምንት እምቢ ብትለኝ እሳት ላይ አድርቄው ነው። ጠላዬም በእሱ አልብላላ ብሎኝ፣ ምን ዓይን ገባበት እያልኩ ስታመም ሰነበትኩ።» ይህንን ተመልሼ ቃል በቃል ተናገርኩ። ዶክተሩ ጻፈው። በዚያ ዶሴ ውስጥ «አዋቂው» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ አለች።

ሲወጡ ዶክተሩ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ላብራቶሪውን እንድትገለብጥለት አንጓችን ጠየቃት። ጫማው ጭቃ ነክቶት ነበር።

ደብዳቤው በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ዲኑ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ቆሞ ሊያነብ ሲል መነጽሩን አጣ፤ እኔ አነበብኩት። ተግባራዊ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ሠላሳ አንዱም ይመረቃሉ። እዚያ ላይ ስደርስ ድምፄ ከኢንዛይሙ በባሰ ተፈታ። ልጆቹ ጋዋናቸውን ወደ ላይ ወረወሩ፤ አንዱ ዛፍ ላይ ቀረ። አንጓች ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ለራሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አጥፋ ኪሷ ከተተችና ክፍል አላችሁ፣ ግቡ አለቻቸው።

ምረቃው ሐምሌ ላይ ዋለ፤ ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ግን ገንፎ ሆኖ። ዶክተሩም ተጋብዞ መጥቶ ከዲኑ ጎን ተቀምጧል። መርሐ ግብሩ አልቆ ሰው ፎቶ ሲነሳ፣ የትሁኔ አባት ከበሩ በኩል ፈረሱን እየሳቡ ገቡ። ዘበኛው ሊከለክል ሞክሮ ፈረሱን ሲያይ ተወው። ደረቱ ሰፊ፣ ቀይ፣ ግላሱ በጨሌ ያጌጠ፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ያለው ፈረስ ነው፤ ከዞኑ አስተዳዳሪ መኪና ይከብራል። አንጓች ፊት አቆሙት።

«የእኔ ልጅ ሰው ፊት አትናገርም ነበር» አሏት። «የሰጠሽኝን እኔ ልመልስ አልችልም። ግን ይኼን ፈረስ ከእኔ በቀር ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። አንቺ አንድ ዙር ዙሪበት።»

ሁላችንም ፈርታ እምቢ ትላለች ብለን ጠበቅን። እኔ እንዲያውም ስትወድቅ የምናገረውን ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። አንጓች መነጽሯን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ፣ የምረቃ ካባዋን ወደ ወገቧ ሰበሰበች፣ ልጓሙን ያዘች፣ ከዚያ እግሯ እርካብ ሲነካ አላየሁም። ላይ ነበረች። በለሆሳስ የሆነ ነገር በአገውኛ ለፈረሱ ነገረችው፤ ፈረሱ ጆሮውን አቆመና እንደ ተወረወረ ድንጋይ ተፈተለከ። ካባዋ ከኋላዋ ተዘረጋ። ጭቃው ወደ ክብር እንግዶቹ ተረጨ፤ ዶክተሩ ወንበሩን ተሸክሞ ሸሸ፣ እየሳቀ። ሠላሳ አንዱ ልጆች ሜዳውን ከብበው ይጮኻሉ። አንደኛው ዙር አለቀ፤ አላቆመችም። ሁለተኛውም አለቀ።

«አንድ ዙር ነው ያልኩሽ፣ መምህርት» ብለው ጮኹ አባትየው። ሦስተኛውን ጀመረች። እጃቸውን እያወዛወዙ ጭቃው ውስጥ ተከተሏት፤ ፈረሴ ይደክማል፣ መንገዴ ሩቅ ነው ይላሉ። በአራተኛው ዙር ላይ ግን መጣራቱን ተዉና እኛ ጋ መጥተው ቆመው ማጨብጨብ ጀመሩ።